ልጅ በአደራ ይገባበት የነበረው በር

ከክር ፋብሪካው ያስወጣኝ ሳንባዬ ነው። ሐኪሙ ጥጥ ካለበት ቤት ራቂ አለኝ፤ የሐኪሞች ቦርድ ቀረብኩና ከዕድሜዬ ቀደም ብዬ ጡረታ ወጣሁ። የጡረታዋ ገንዘብ ትንሽ ናት፣ ስለ እሷ ብዙ የምለው የለኝም። ኮምቦልቻ ያለችው ቤት የራሳችን ስለሆነች፣ ልጄ ሀያትም ሥራ ስላላት፣ አልሐምዱሊላህ እንኖራለን።

ትምህርቴ ጥቂት ነው። የተወለድኩባት ሐርቡ ሳለሁ ፊደል ለየሁ፣ መደመር መቀነስ ጀመርኩ፣ እዚያው ላይ ቀረ። ጽሑፌ እንደ ተማረ ሰው ጽሑፍ ባይደረደር አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ለመጻፍ የተነሳሁት ስለፈራሁ ነው። ሀያት ደሴ ተምራ እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ አዲስ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሰው ሀብት ኃላፊ ሆናለች። ባለፈው ሰሞን አለቃዋ አንድ ነገር አዘዛት። አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች ልምምድ ሳያደርጉ በቀጥታ ማሽን ላይ ይውጡ፣ አንቺ ሰልጥነዋል ብለሽ አስገቢያቸው አላት። እምቢ ካለች ሥራዋን ታጣለች። እሺ ካለች ምን ሊመጣ እንደሚችል እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትን ከመጀመሪያው ልናገር።

እኔን ፋብሪካው በር ድረስ ያመጣኝ አባቴ ነው። በጭነት መኪና ላይ እህል ተደግፈን መጣን። በሩ ላይ የቆሙት ጋሽ ይማም ነበሩ። የሠራተኛ ጉዳይ የሳቸው ሥራ ነው። ክፍላቸው ያኔ ፐርሶኔል ይባል ነበር፤ ኋላ አስተዳደር ተባለ፣ ከዚያ የሰው ሀብት ተባለ። ስሙ ተለዋወጠ እንጂ ሰውየው ያው።

ጋሽ ይማም ቢሯቸው ቁጭ ብለው ሰው አይቀጥሩም። ልጅቱን ያመጣትን ሰው እዚያው በር ላይ ያነጋግራሉ። አባቴን ጤናውን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሁሉ ጠየቁት። ከዚያ ሰው ልከው አንዲት ነባር ሠራተኛ ከፈትል ክፍል አስጠሩ። ጥጥ እንደ በረዶ ፀጉሯ ላይ የተነጠፈባት ሴት መጣች። እትዬ አስካለ ነበረች።

ጋሽ ይማም እጄን ይዘው እጇ ላይ አኖሩት። «አስካለ፣ ይቺ የሰይድ ልጅ ናት። አባቷ እያየ አደራ ሰጥቼሻለሁ።»

«ተቀብያለሁ» አለች እትዬ አስካለ። ወደ አባቴ ዞራም «አይስጉ አባቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ የኔም ናት» አለችው።

አባቴ እዚያው ቆሞ ዱዓ አደረገ። እሷ ክርስቲያን ናት፤ እጇን እንደሱ ዘርግታ አሜን፣ አሜን አለች። ሌላ ምንም አልተባለም፤ አባቴም ተመልሶ ሄደ።

ሕጉ እንዲህ ነበር። አደራ የተቀበለችው ሴት ወደ ጋሽ ይማም መጥታ «ልጅቱ ቆማለች» እስክትል ድረስ አዲሷ ለብቻዋ ማሽን አትይዝም። ልጅቱ ብትታመም ቤቷ የምትሄደው ያቺ ሴት ናት። ብታጠፋም ቀድማ የምትጠየቀው እሷ ናት። ይህ በወረቀት የተጻፈ ደንብ አልነበረም። ቢሆንም ከተጻፈው ይልቅ ይከበር ነበር፤ ምክንያቱም አባት ፊት የተቀበሉትን አደራ ማን ይበላል?

ፈትል ክፍል ስትገቢ መጀመሪያ የሚጠፋብሽ ጆሮሽ ነው። የማሽኑ ጩኸት የሰውን ድምፅ ይውጠዋል። ሴቶቹ በከንፈርና በእጅ ነው የሚነጋገሩት። እትዬ አስካለ በመጀመሪያው ሳምንት ክር አላስነካችኝም። ከንፈር ማንበብ፣ ከኋላ መጥቶ ሰው አለመንካት፣ ሻሽን ማጅራት ላይ አጥብቆ አስሮ ጫፉን ወደ ውስጥ መክተት፣ ይህን ብቻ አስተማረችኝ። በየቀኑ ከመግባታችን በፊት ሻሼን ራሷ ትፈትሸው ነበር። ሳብ አድርጋ ካላላ ፈትታ እንደገና ታስረዋለች።

ቀጥሎ የተበጠሰ ክር መቀጠል መጣ። እንዝርቱ እየተሽከረከረ በጉልበትሽ ገታ ታደርጊዋለሽ፤ የክሩን ጫፍ ክር ከሚጠመጠምበት ቦቢን ላይ ትፈልጊያለሽ፤ ወደ ላይ ወስደሽ ከምትወርደው ቀጭን ጥጥ ጋር ታገናኚያለሽ፤ ከዚያ ትለቂዋለሽ። ያዝ፣ አገናኝ፣ ልቀቅ። ብትዘገዪ ጥጡ ሮለሩ ላይ ይጠመጠማል። የተጠመጠመውን ማሽኑ ሳይቆም በጣት መንካት ክልክል ነው። እኔ መልቀቅ እፈራ ነበር። እትዬ አስካለ አፏን ከፍታ፣ በከንፈሯ፣ «አንቺ ሐርቡዬ! ክር እንጂ እባብ አልያዝሽም፣ ልቀቂው!» ትለኛለች። ጎረቤቶቿ በከንፈራቸው እየተቀባበሉት ክፍሉ ሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ስሜ ሐርቡዬ ሆኖ ቀረ።

የጋሽ ይማምን ልማድ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ፈረቃ ሲቀያየር በሩ ላይ ቆመው የሚያዩት የሰው ፊት አይደለም፤ አረማመዱን ነው። «ፊቱን ሰው ያሳምረዋል፣ እግሩ ግን ይናገርበታል» ይሉ ነበር። እግሯን የምትጎትት ሴት ካዩ «ምን ሆነሻል?» አይሏትም። «ቤት ማን አለ?» ነው የሚሏት። ያኔ ሁሉም ነገር ይወጣል፤ የታመመ ልጅ፣ ያመሸ ባል፣ የተቀማች ቤት። ሁለት ሴቶች ከተጣሉ አንዳቸውንም ቢሮ አይጠሩም። በሁለቱ ማሽን መሃል መጥተው ዝም ብለው ይቆማሉ። ሴቶቹ አፍረው እስኪስቁ ድረስ ይቆማሉ።

ዒድ ሲደርስ ክርስቲያኖቹ የኛን ፈረቃ ይሸፍናሉ፤ ፋሲካ ሲሆን እኛ የነሱን። የሚያስማሙት እሳቸው ነበሩ። ለቅሶ ቢሆን የማን ነው ሳይሉ ይሄዳሉ፤ ከኛም ተወካይ ይልካሉ። የቀረው ሰው የሄደችውን ሴት ማሽን ደርቦ ይይዛል። ማሽን ቆሞ አያውቅም።

ይህ ሁሉ የጋሽ ይማም ብልሃት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከበላያቸው ሥራ አስኪያጁ አቶ ታደሰ ነበሩ። አንድ ቀን የምርት ክፍል ኃላፊው እኛ ማሽን አጠገብ መጥቶ እጁን እያወናጨፈ ጮኸ። ሁለት ሴት አንድ ማሽን ላይ ምን ያደርጋሉ፣ ምርት ወረደ፣ ይቺ ሐርቡዬ መቼ ነው ሰው የምትሆነው የሚል ይመስላል፤ ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት። አቶ ታደሰ ጠዋት ጠዋት ካፖርታቸውን ለብሰው አዳራሹን ይዞሩ ነበርና ደረሱበት። ክንዱን ይዘው ወደ በሩ፣ ድምፅ ወደሚሰማበት ወሰዱት። ቦቢን ላመጣ ስወጣ ሰማኋቸው።

«ይማም ያስገባትን ልጅ፣ ቆማለች እስኪባል ድረስ አትንካ።»

«ጌታዬ፣ ምርቱስ?»

«ስለ ምርቱ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንተን ማንም አይጠይቅህም።»

ኃላፊው ሁለተኛ አልጮኸም።

ዓመታት አለፉ። እኔም አደራ ተቀባይ ሆንኩ። ከወረኢሉ የመጣች፣ ከከሚሴ የመጣች፣ ከዚሁ ከኮምቦልቻ የሆነች፣ ብዙ ልጅ በአደራ ተቀበልኩ። ሁሉም በጤና ቆሙ። አንዳንዶቹ ዛሬም በዒድ ይመጡልኛል።

ከዚያ አቶ ታደሰ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። በዕድሜ ከኔ ያንሳል፣ ቁመናው ያማረ፣ ንግግር የሚያውቅ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ሰበሰበን። ዘመናዊ አሠራር ይመጣል አለ። አባት በር ላይ እያለቀሰ፣ እጅ ለእጅ እየተያያዘ፣ ይህ ምንድነው አለ። «ይህ ፋብሪካ ነው፤ ሰርግ ቤት አይደለም።»

እትዬ አስካለ ከጎኔ ነበረች። «ሰርግ ቤት ቢሆንማ ሥጋ እናይ ነበር» አለች። በዙሪያችን ያለው ሁሉ ሳቀ። ያን ቀን እንደ ቀልድ ነው የወሰድነው።

በሩን ለዘበኞች ሰጠው። ፈረቃ መቀያየር ተከለከለ፤ በዒድም በፋሲካም ያልመጣ ይቀጣል ተባለ። ብዙ ክር ያወጣች ሴት ፎቶዋ መግቢያው ላይ ይሰቀላል፣ ሽልማትም አለ። አዲስ ልጅ እያየች ትለምዳለች ተባለ። እኛም ወደየማሽናችን ተመለስን። ሽልማቱ ከመጣ በኋላ ከማሽኑ ላይ ዓይኑን የሚያነሳ ሰው ጠፋ። አዲሷን ማሳየት ማለት የራስሽን ክር ማጣት ማለት ነው። ሴቶቹ ክፉ አልነበሩም። ልጅ ያላቸው ሴቶች ናቸው።

ለጋሽ ይማም አዲስ ቢሮ ተሰጣቸው፤ ምንጣፍ ያለው፣ ኮምፒውተር ያለው። ሦስት ጸሐፊ ተመደበላቸው። ክፍሉ የሰው ሀብት የተባለው ያኔ ነው። ቅጥሩ በየሳምንቱ ሆነ፤ ምክንያቱም የሚገባው ሁሉ ሳይከርም ይወጣ ነበር። እሳቸው በመስኮት ያዩናል። የሚገባ የሚወጣውን ሰው እግር ከዚያ ማየት አይቻልም።

ረውያ የምትባል ልጅ ከደጋን መጣች። አባቷ ሼህ አሊ አብሯት መጣ። ፈረቃ ልገባ ስደርስ በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር ሲነጋገር አገኘሁት።

«ለማን ነው የምሰጣት?» ይላል ሼህ አሊ።

«ለማንም አባባ። እሷ ትግባ፣ እርስዎ ይሂዱ።»

«ለማንም? ልጅ ለማንም ይሰጣል እንዴ? የወንድሜ ልጅ እዚህ ስትገባ ለሴት ተሰጥታ ነው። ይማም የሚባሉ ሰው ነበሩ።»

ጋሽ ይማም ንግግሩን ሰምተው ይሁን አይተው፣ ከቢሯቸው ወጥተው መጡ። ሼህ አሊ ሲያያቸው ፊቱ በራ። ሰላምታ ተለዋወጡ። ሽማግሌው የልጅቱን እጅ ይዞ ወደሳቸው ዘረጋ። ጋሽ ይማም ግን እጃቸውን አልዘረጉም። ወደ ሥራ አስኪያጁ መስኮት ቀና አሉና መሬት መሬት አዩ።

«ትግባ፣ ወንድሜ። እዚያ ያሉት ሁሉ እህቶቿ ናቸው።»

ዘበኛው ቁጥር ሰጣት፤ ገባች። ሰልጥናለች ተብላ ነው የገባችው። ያን ጊዜ የሚገባው ሁሉ ሰልጥኗል ይባል ነበር፤ የሚያረጋግጡትም ጋሽ ይማም ነበሩ።

ብዙ አልቆየም። አንድ ረፋድ ከአዳራሹ ጫፍ ያለ ማሽን ቆመ። አንድ ማሽን ሲቆም ያ ሁሉ ጩኸት እያለ እንኳ ይሰማሻል፤ የለመድሽው ነገር እንደጎደለ ታውቂያለሽ። ሮጥኩ። የረውያ ሻሽ ጫፉ ተንጠልጥሎ የማሽኑ ዘንግ ስቦታል። ልጅቱ ሻሿን ለማስጣል እጇን ሰደደች፤ ማርሹ ያዘው። አጠገቧ የነበረችው ሴት ያየችው ማሽኑ ከቆመ በኋላ ነው። ረውያ አላለቀሰችም። «አባቴን እንዳትጠሩት» ነው ያለችው፣ ደጋግማ።

ደሴ ሆስፒታል ወሰድናት። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። ሕይወቷ ተረፈ፤ የቀኝ እጇ ጣቶች ግን አልተረፉም።

ሥራ አስኪያጁ ጥፋቱ የሠራተኛዋ ነው፣ ሻሿን አላሰረችም አለ። የሰለጠነች ሠራተኛ ናትና ማወቅ ነበረባት ተባለ። ሰልጥናለች ብለው ያስገቧት ደግሞ ጋሽ ይማም ናቸው።

ረውያን ለመጠየቅ ደጋን ስንሄድ ጋሽ ይማም፣ እትዬ አስካለና እኔ ነበርን። ሼህ አሊ በደንብ ተቀበለን። ውሃ አስቀረበ፣ ምንጣፍ አስነጠፈ። ቁጣ አልነበረውም።

«አልከሳችሁም» አለ በመጨረሻ። «አላህ የጻፈው ነው። አንዲት ነገር ብቻ ንገሩኝ። ያን ቀን ልጄን የያዛት ሰው ማን ነበር?»

እትዬ አስካለ እኔን አየች። እኔ ጋሽ ይማምን አየሁ።

«ማንም» አሉ ጋሽ ይማም።

ሼህ አሊ ራሱን ነቀነቀ። ስንወጣ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘን፤ ያ ከስድብ በላይ ከበደን።

ጋሽ ይማም ከዚያ በኋላ ጡረታቸውን ጠይቀው ወጡ። ሥራ አስኪያጁም ጊዜው ሲደርስ ተነስቶ ሄደ። ከሱ በኋላ የመጡት መልካም ነበሩ፤ የፈረሰውን መመለስ ግን ከማፍረሱ ይልቅ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ነባሮቹ አደራ ሲባሉ «ኋላ ማን ይቆምልኛል?» ማለት ለምደው ነበር።

ከዓመታት በኋላ ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬ ስገዛ ጋሽ ይማምን አገኘኋቸው። በሰው ግፊያ መሃል በከዘራ ቆመዋል። እንደ ድሮው እግሬን አዩና «ሳንባሽ ነው?» አሉኝ።

«ሳንባዬ ነው ጋሼ። እርስዎስ?»

«እኔማ ደህና ነኝ። እንቅልፍ ነው የሚያስቸግረኝ።» ከዘራቸውን ተደገፉና ቀጠሉ። «አየሽ ዘይነብ፣ ሰው ሁሉ ያኔ ጎበዝ ነበርክ ይለኛል። ያ ጉብዝና የኔ ይመስለኝ ነበር። የታደሰ ነበር። እሱ ከላይ ቆሞልኝ ነው እኔ በር ላይ የቆምኩት። እሱ ሲሄድ ቢሮዬ ሰፋ፣ ሰውም ጨመሩልኝ፤ ለአንዲት ልጅ ግን እጄን መዘርጋት አቃተኝ።»

«አብሽሩ ጋሼ፣ አይዞዎት» አልኳቸው። የገበያው ሰው ለያየን። አሁን በሕይወት የሉም፤ አላህ ይማራቸው።

እንግዲህ ወደ ሀያት ልመለስ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። በረንዳው ላይ ምስር እንለቅማለን። ልጄን ያሳደግኳት በጋሽ ይማም ወሬ ነው። በር ላይ እንዴት እንደሚቆሙ፣ የተጣሉትን እንዴት እንደሚያስቁ፣ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ይህን ትምህርት የመረጠችውም በዚያ ሳይሆን አይቀርም። የረውያን ነገር ግን ነግሬያት አላውቅም ነበር።

«እማ፣ ነገ አዲሶቹ ልጆች ይገባሉ» አለችኝ። «ጋሽ ይማም ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

የጠየቀችኝ እምቢ ይላሉ እንድላት ነበር። ዓይኗ ያስታውቃል። እኔ ደግሞ ሥራዋ ነው የታየኝ። አባቷ የለም። ወንድሟ ገና ተማሪ ነው። ዛሬ ሥራ ያጣ የተማረ ሰው በየመንደሩ ሞልቷል። እውነቱን ብነግራት እሺ ብላ ሥራዋን ትይዛለች ብዬ አሰብኩ።

«አስገብተዋል» አልኳት። ረውያን፣ ሼህ አሊን፣ ሰኞ ገበያን፣ ሁሉንም ነገርኳት። «እንኳን አንቺ፣ ጋሽ ይማምም አልቻሉም። ከላይ ያለው ሰው ካልፈለገ የሰው ሀብት የሚባለው ምንም አያመጣም። ስለዚህ ልጄ፣ አንቺም ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ።»

ሀያት ምስሩን መልቀም አቆመች።

«ልጅቱ አሁን የት ናት?»

«ደጋን። አግብታለች። በግራ እጇ ነው የምትሠራው።»

«ያን ቀን ጋሽ ይማም ወደ ላይ ነው ያዩት አይደል?» አለች።

«መስኮቱን አዎ።»

«ልጅቱ ደግሞ ወደሳቸው ነበር የምታየው።»

«ምን ለማለት ነው?»

«አለቃዬ ለኔ አቶ ታደሰ አይሆነኝም፤ ያን ተስፋ ትቼዋለሁ። ግን ነገ በር ላይ ለሚቆሙት ልጆች ከላይ ያለሁት ሰው እኔ ነኝ፣ እማ። አለቃዬን አያውቁትም። የሚያውቁት እኔን ነው።»

«ያባርርሻል!»

«ሊያባርረኝ ይችላል።»

«ወላሂ ያባርርሻል ሀያት! እናትሽን አትሰሚም?»

«ሰማሁሽ እኮ» አለችና ምስሩን መልቀም ቀጠለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደወለች። ድምጿ ቀጭን ነበር። «እማ፣ ማሽን ላይ አላወጣኋቸውም። ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጫቸዋለሁ። ነባር ሴቶችን እየጠራሁ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ልጅ በአደራ እየሰጠሁ ነው።»

«አለቃሽስ?»

«ከሰዓት ነይ ብሎኛል። እማ፣ ፈርቻለሁ።»

ሂጂና አስገቢያቸው ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። «መጣሁ» ብቻ አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው አላስገባኝም፤ ከበሩ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። በአጥሩ በኩል ዛፉ ይታያል። ልጆቹ ከሴቶቹ ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመዋል። አንዲቷ ሴት የአንዷን እጅ ይዛ ወደ አዳራሹ እየጠቆመች የሆነ ነገር ታስረዳታለች። ሀያትን አላየኋትም፤ ከአለቃዋ ጋር ነበረች።

ሥራ ሲያበቃ ወጣች። ፊቷ ነጭ ሆኗል።

«ምን አለሽ?»

«ልጆቹ ልምምዳቸውን ይጨርሱ አለ። ከማሽን ያስነሳኋቸውን ነባሮች አይቶ አሁን መበተኑ ይከብዳል ነው ያለው። ስለ አንቺ ግን ወሩ ሲያልቅ እንነጋገራለን አለኝ።»

«እንነጋገራለን ማለት ምን ማለት ነው?»

«እንጃ፣ እማ። እንሂድ፣ እርቦኛል።»

ወሩ ገና አላለቀም። ልጆቹ ልምምድ ላይ ናቸው። ሀያት ጠዋት እንደ ወትሮዋ ወጥታ ትሄዳለች፤ እኔ ስልኬ በጮኸ ቁጥር አባረሩኝ ልትለኝ ነው ብዬ አነሳዋለሁ።